ወይን ጠጁን ዛፍ ፍለጋ እስከ ዳንግላ

ከዳንግላ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሰው ባገኘኝ ቁጥር ያቆመኛል። አንዱ መንገዱ እንዴት ነው ይላል፣ ሌላው የአገው አገር ሰው እንዴት ተቀበለህ ይላል። የዕድራችን ዳኛ ደግሞ ዛፉን አገኘኸው ወይ ብሎ ይጠይቀኝና መልሱን ሳልጨርስ ሰው ይጠራዋል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው አሰብኩ። የፈለገ ያንብበው፣ ማንበብ የማይችል ያስነብብ። ትምህርቴ ከፊደልና ከዳዊት አላለፈም፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ። ዕድሜዬን በአትክልተኝነት ስለጨረስኩ ሌላው መንገደኛ ከተማውን ሲያይ እኔ ዛፉን ነው የማየው። ይህንንም ይቅር በሉኝ።

የሄድኩበት ነገር እንዲህ ነው። ልጄ ተፈራ የስልክ ሽቦ ከሚዘረጉ ሠራተኞች ጋር ዳንግላ ተመድቦ ነበር። ሲሄድ ከምሠራበት ግቢ የአንድ ዛፍ ፍሬ በመሐረብ ቋጥሬ ሰጠሁት። ዛፉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ጃካራንዳ ይሉታል። እኛ የግቢው ሠራተኞች ግን በአበባው ቀለም «ወይን ጠጁ» ነበር የምንለው። በበጋ ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ ባዶ እንጨት ይሆናል። ሞተ ሲባል አንድ ሰሞን ከሥር እስከ ጫፍ ወይን ጠጅ ለብሶ ይቆማል። ተፈራ ልጅ ሳለ የወደቀውን አበባ በጣቶቹ ላይ እንደ ቀለበት እያጠለቀ ይጫወትበት ነበር።

ፍሬውን ዳንግላ በተከራየበት ቤት አጥር ሥር ዘራው፤ መብቀሉንም በሰው ላከብን። ከዚያ ለሥራ ወደ ጫግኒ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰ፤ አልተነሣም። የተቀበረው እዚያው ነው። እኔ ያን ጊዜ ታምሜ ተኝቼ ስለነበር አልደረስኩለትም። አከራዩ ወይዘሮ ዘይነባ የምትባል ባለሱቅ ናት። ሾፌር ባገኘች ቁጥር «የልጃችሁ ዛፍ ደህና ነው በሏቸው» እያለች ትልክብን ነበር። እኔንና ሚስቴን አስካለን በእነዚያ ዓመታት ያኖረን ይኸው መልእክት ነው።

አስካለ እግሯን ስለሚያማት መንገዱን አልቻለችውም። ስንቄን እየቋጠረች «አይተኸው ብቻ እንዳትመጣ፤ ዳስሰኸው ና» አለችኝ። «ዛፍ መለየት ዕድሜ ልክ የሠራኸው ሥራ ነው። የሱ መሆኑን ለይተህ ንገረኝ። ሰው ሊያጽናናን ብሎ የሚልከውን መልእክት መስማት ሰልችቶኛል።»

ሰኞ

በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም ነው ከአዲስ አበባ የተነሣሁት። አውቶቡሱ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ነበር። ሾፌሩ ግርማ የሚባል፣ ሳቅ የማያጣው ሰው ነው። በእጄ ከምሠራበት ግቢ የለቀምኩትን የቅጠል እስር ይዤ ነበር፤ መካከሉ ላይ ክረምት ላይ ያደረቅኩት የወይን ጠጁ ቅጠል አለ። ዳንግላ ካለው ጋር ላስተያየው ብዬ ነው። ግርማ እስሩን አየና «አባባ፣ ፍየልዎን የት አሳፈሯት?» አለኝ። አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

እንጦጦን እስክናልፍ ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ወዲያ የሱሉልታ ሜዳ ራሱን እንደ ተላጨ ሰው ሆኖ ተዘረጋ። እኛ አገር ዛፍ ያለው ሰው ባለበት ነው፤ ሰው ተክሎት፣ ሰው አጥሮት። ከጎሐ ጽዮን በኋላ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ግን ማንም ያልተከለውን አየሁ። ቅርፊታቸው እንደ ወረቀት እየተላጠ የሚንጠለጠል ዛፎች በገደሉ ላይ ቆመዋል፤ አፈር የለም፣ ድንጋዩን ነው የያዙት። እኔ ለአንድ ችግኝ ፍግ ለምኜ፣ አፈር ነፍቼ፣ ውሃ ተሸክሜ አንዳንዴ ይሞትብኛል። እነዚህን ማን አጠጣቸው? ሙቀቱ ፊቴን ሲገርፈው እንኳ መስኮቱን መዝጋት አልቻልኩም።

ስለ ዛፍ ያስተማሩኝ የቀድሞ አለቃዬ ሽማግሌ አርመን ነበሩ። «አበባው ያታልልሃል» ይሉኝ ነበር። «መጀመሪያ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ እይ።» ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚቀመጡ አሉ። አንዱ በግራ ሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ በቀኝ፣ እየተፈራረቁ የሚቀመጡም አሉ። ከዚያ ሽታውን፣ ቅርፊቱን፣ ሲቆርጡት የሚያነባውን፣ የፍሬውን ማቀፊያ። ይህን ከያዙ በኋላ ስሙን ባያውቁት እንኳ የማን ዘመድ እንደሆነ አይጠፋም።

ደብረ ማርቆስ በምሽት ገባን። ያደርኩበት ቤት ሽሮው ትኩስ፣ አልጋው ግን ባለ ቁንጫ ነበር። ባለቤቲቱ ጠዋት ፊቴን አይታ «አላስተኙዎትም መሰለኝ» አለችና ለመንገዴ ዳቦ ጨመረችልኝ።

ማክሰኞ

ከቡሬ ወዲያ አገሩ ሌላ ሆነ። በበጋ ወር ሣሩ ለምልሟል። በመንገዱ ዳር የሚሄደው ሰው ግማሹ በፈረስ ነው፤ ሽማግሌው በፈረስ፣ ጎረምሳው በፈረስ። አዲስ አበባ ፈረስ የሚቀመጥ ሰው ሲያልፍ ልጆች ተከትለው ይሮጣሉ፤ እዚህ በእግሩ የሚሄድ ነው ዞር ተብሎ የሚታየው።

እንጅባራ ልንደርስ ስንል የአውቶቡሱ ባሌስትራ፣ ከሥር ክብደቱን የሚሸከመው ብረት፣ ተሰበረ። ግርማ ከሥር ገብቶ ወጣና «ዛሬ እዚሁ ነን፤ ነገም ሳንሆን አንቀርም። ዕቃው ከማርቆስ መምጣት አለበት» አለ። ጭጋግ ወርዶ ብርድ ጀመረ። ተሳፋሪው እግሩ ወደመራው ተበተነ፤ እኔ ዕቃዬን ይዤ መንገድ ዳር ቆምኩ።

አንድ ሰው ዳማ ፈረሱን እየሳበ መጣ። ጥሩነህ ይባላል፤ ከመንገዱ ወረድ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው። ቅጠሉን አየ፣ ጋቢዬን አየ። «አባባ፣ እዚህ ቆመው ብርዱን ሊቆጥሩት ነው? በሉ ይነሡ» አለኝ። ስሜን እንኳ የጠየቀኝ በፈረሱ ላይ ካስቀመጠኝ በኋላ ነው።

ቤቱ ዙሪያውን በቀርቀሃ ተከቧል። ቀርቀሃ የማውቀው ከገበያ ነው፤ ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ቅርጫት ሆኖ። ቆሞ አላየሁትም ነበር። እዚያ እንደ ሕዝብ ነው የቆመው፤ ጫፉ ላይ ተደጋግፎ፣ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ባንድ ላይ ያንሾካሹካል። ከውስጡ ስገባ ባርኔጣዬን ያወለቅሁት ሳላስበው ነው። ጥሩነህ አየኝና ፈገግ አለ። የቤቱ አጥር ቀርቀሃ፣ የውስጥ ግድግዳው ቀርቀሃ፣ የዶሮው ቆጥ ቀርቀሃ። ሚስቱ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረበችልን። እንደዚያ ያለ ድንች አልበላሁም፤ ሲቆርሱት ዱቄት ነው። ከባሏ ጋር በአገውኛ ትነጋገርና ወደ እኔ ስትዞር አማርኛዋ ከኔ የጠራ ነው።

ረቡዕ

ዕቃው ከማርቆስ አልመጣም። ጥሩነህ «እንግዲያው ዘንገና ሐይቅን ሳያዩ አይሄዱም» ብሎ እኔን በዳማው ላይ አስቀምጦ እሱ በእግሩ እየሄደ ጥርባ ወደሚባለው ቦታ በኩል ወጣን። መንገዱን ሙሉ ስለ ዛፍ እንጠያየቅ ነበር። እሱ የአገውኛ ስማቸውን ይነግረኛል፤ በአፌ እሞክረዋለሁ፣ እሱ ይስቃል። በፊደል ልጽፈው ብሞክር አጠፋዋለሁና ትቼዋለሁ።

«እርስዎ ዛፍ በምን ነው የሚለዩት?» አለኝ።

የአርመኑን ነገር ነገርኩት፤ ጥንዱን፣ ተፈራራቂውን፣ ቅርፊቱን። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

«እኛ በፈረስ ነው የምንለየው» አለ።

«እንዴት ሆኖ?»

«ዛፍ ሁለት ነው። ፈረስ የሚታሰርበትና የማይታሰርበት። ያ ቆርች እሾህ አለው፤ አይታሰርበትም። ይሄ ጥቁር እንጨት ይታሰርበታል፣ ጥላውም ደግ ነው። ያቺኛዋ ሥሯ ላይ ጉንዳን አታጣም፤ ፈረሱ ሌሊቱን ሲደንስ ያድራል።»

«የደረቀውስ?»

«የደረቀው ደረቅ ነዋ። ግን ደርቆ ይሁን ተኝቶ በምን ይታወቃል? በጋ ላይ የሞተ የሚመስል ዛፍ ሞልቷል። እኛ መጥረቢያ ከማንሣታችን በፊት ፈረስ እናስርበታለን። ቅርፊቱን ከጋጠው ሕይወት አለው፤ ይተዋል። ካልነካው እንቆርጠዋለን። ፈረስ በሞተ እንጨት ጥርሱን አያደክምም።»

ሳቅሁበት። አርመኑ አለቃዬ በሕይወት ቢኖሩ ይህን ሰምተው ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ነበር።

ዘንገና ስንደርስ ከፈረሱ አወረደኝ። ዛፉን ገለጥ አድርገን ስናልፍ ድንገት መሬቱ አለቀና ከእግራችን ሥር ውሃ ሆነ። ክብ ነው፤ እንደ ዓይን። ወንዝ አይገባበትም፣ ሲወጣም አይታይም። ጫካው ከአፋፉ እስከ ውሃው ጫፍ ድረስ ወርዶ ፊቱን ያየዋል። የሽማግሌ ጺም የመሰለ የዛፍ ሽበት ከቅርንጫፉ ሁሉ ተንጠልጥሏል። ያወቅሁትን ልቆጥር ጀመርኩ፤ ዝግባ፣ ወይራ፣ ዶቅማ፣ ኮሶ። ከዚያ የማላውቀው መጣ፣ ከሱ ኋላ ደግሞ ሌላ የማላውቀው፣ በላዩ ላይ የተጠመጠመ ሐረግ፣ በሐረጉ ላይ የበቀለ ትንሽ አበባ። ተውኩት። ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ግቢ ጠርጎ ዛፍ አውቃለሁ ይላል። እዚያ ዳር ላይ ቆሜ ማወቄ ምን ያህል እንደሆነ ታየኝ፤ አላሳፈረኝም ግን። ደስ አለኝ። ተፈራ ይህን አይቶት ይሆን እያልኩ ብዙ ቆየሁ፤ ጥሩነህም አልቸኮለም።

ስንመለስ ዳማው የቅጠሌን እስር በልቶ ጨርሶ ማሰሪያውን ገመድ እያኘከ ነበር። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ሁሉ፣ ላስተያይበት ያልኩት የወይን ጠጁ ቅጠል ጭምር፣ በሆዱ ገብቷል። ጥሩነህ ደነገጠ፣ ፈረሱን ሊመታው እጁን አነሣ፤ ያዝኩት።

«ተወው፣ የእንግዳ እጅ መንሻ ነው የበላው» አልኩት።

«እንግዲህ ዳማው የአዲስ አበባን ዛፍ ሁሉ ፈተነው» አለ በኋላ ሳቅ እየቀደመው። «ሁሉም ሕይወት አላቸው ብሏል።»

ሐሙስ

አውቶቡሱ ተጠግኖ ጠዋት ተሳፈርን። የጥሩነህ ሚስት ድንች በከረጢት ሰጠችኝ፤ አልወስድም ብል በመስኮት ወረወረችልኝ።

ዳንግላ ሜዳ ላይ ያለች ሰፊ ከተማ ናት። ዋንዛው፣ ግራሩ፣ ሾላው እንደልቡ ነው የተቀመጠ። ጋሪዎች ሰውም እህልም ጭነው ይሮጣሉ። አለኸኝ የሚባል ባለጋሪ አሳፈረኝና ወደ ማን እንደምሄድ ስነግረው ፈረሱን አቆመው። «የተፈራ አባት ነዎት?» አለኝ። «ታዲያ ምነው ዝም ብለው ይሳፈራሉ?» ከዚያ እስከ ደጃፏ ድረስ ፈረሱን በቀስታ ነዳ።

ወይዘሮ ዘይነባ ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ስታየኝ ገና ስሜን ሳልናገር ሚዛኑን አስቀመጠችና እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «አያ ወልዴ፣ መጡ» አለች። «ይግቡ። ድስቱ አዲስ ነው፣ ጾም መሆኑንም አውቃለሁ፤ በዘይት ነው የሠራሁት። ግን መጀመሪያ ልጅዎን ይዩት።»

በጓሮው በኩል ወሰደችኝ። አጥሩ ሥር፣ በድንጋይ ክብ ውስጥ፣ አንድ ቀጥ ያለ ለምለም ዛፍ ቆሟል። አጠገቡ ቀዳዳ የተበሳበት የላምባ ቆርቆሮ አለ፤ ማጠጫው ነው። ግንዱ የተወለወለ ይመስላል። ጎረቤቶች የእንግዳውን ወሬ ሰምተው መጡ።

«ቅጠሉ ሰሳ ይመስላል» አለ አንዱ ሽማግሌ፣ «ግን ሰሳ አይደለም። እኛ ሰሳን እናውቀዋለን። የሱ ጥላ እንዲህ አይቀዘቅዝም።»

«የሸዋ ሰሳ ነው የምንለው» አለች ሌላዋ። «ወፍ እንኳ ሲያርፍበት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።»

ዘይነባ ቅጠል ላይ የነበረ አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ቅርንጫፉን ሳብ አድርጌ አየሁ። ቅጠሉ እየተፈራረቀ ነው የተቀመጠው፤ አንዱ በግራ፣ ሌላው ከፍ ብሎ በቀኝ። የወይን ጠጁ ጥንድ ነው። ትናንሾቹ ቅጠሎች ጫፋቸው ዱልዱም ነው፤ የወይን ጠጁ ሹል ነው። ያን የደረቀ ቅጠል ዳማው ባይበላው እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። ሰሳ ነው። በዚያ አገር ጫካ ሁሉ የሞላው፣ እነዚህ ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው የሚለዩት ሰሳ። የተፈራ ነው ብለው ስለወደዱት ብቻ ዓይናቸው እያየ አላወቁትም።

ሁሉም ፊቴን ይጠብቃሉ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። «እንዲህ በእንክብካቤ የተያዘ ዛፍ አላየሁም።» ይህ እውነት ነበር።

ያቀረበችልኝን የምስር ወጥ በላሁ፤ ጣፋጭ ነበር። አስካለን ምን ልበላት? የተፈራ ዛፍ ሞቶ ቀርቶ በቦታው ሰሳ በቅሎ ይሆናል። ለዘይነባስ ምን ልበላት? ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ቆርቆሮ ውሃ።

ዓርብ

ጠዋት ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ጨው ስትመዝን ጠየቅኋት።

«ቡቃያው ያኔ በየት በኩል ነበር?»

«እዚያው አጥሩ ሥር ነዋ። ያን ጊዜ አጥራችን ወደ መንገዱ ገባ ያለ ነበር። ተፈራ በሞተ በዓመቱ መንገዱ ሲሰፋ አፍርሰን ወደ ውስጥ ሳብነው። ሠራተኞቹ ሁሉን ረጋግጠውት ነበር። አጥሩ ሥር ያቺን ክንድ የማትሞላ ቡቃያ ሳያት አልሐምዱሊላህ ብዬ በድንጋይ ከበብኳት።»

 ተነሥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ከአጥሩ ባሻገር፣ በመንገዱ ዳር፣ ጋሪዎች የሚቆሙበት ቦታ አንድ ራቁቱን የቀረ ዛፍ አለ። ቁመቱ ደህና ነው፤ ግንዱ ግን የቆሰለ፣ ጎንበስ ያለ፣ አንዲት ቅጠል የሌለው። አለኸኝ ፈረሱን ከሱ ላይ አስሮ ሣር እያበላ ነበር።

«እሱን ነው የሚያዩት?» አለኝ። «ይሄ በየበጋው የሚሞት ዛፍ ነው። ክረምት ይነሣል። ዘንድሮ ግን የምር የሞተ ይመስለኛል። ከፋሲካ በኋላ ቆርጠን የዳሳችን ቋሚ ልናደርገው ነው።»

«ክረምት ላይ ቅጠሉ ምን ይመስላል?»

«ክረምት ላይ ማን ዛፍ ያያል አባባ? ጭቃ ነው የምናየው።»

ፈረሱ በዚህ መካከል ሣሩን ተወና አንገቱን አዙሮ የዛፉን ቅርፊት ጋጥ አደረገ። ቁስሉ እርጥብ ነበር። የጥሩነህ ድምፅ በጆሮዬ መጣ፤ ፈረስ በሞተ እንጨት ጥርሱን አያደክምም።  ቀረብ ብዬ በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁ፤ ከሥሩ አረንጓዴ። አንድ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ይዤ አየሁ። የረገፉት ቅጠሎች ጠባሳቸው ቀርቷል፤ ጥንድ ጥንድ፣ ፊት ለፊት፣ እስከ ጫፉ። ጫፉ ላይ ደግሞ የስንዴ ቅንጣት የሚያህሉ እምቡጦች ተወጥረው ቆመዋል። አፈሩን በእግሬ ገፋ ሳደርግ የደረቁ ትናንሽ ቅጠሎች አገኘሁ፤ ጫፋቸው ሹል ነው።

መዳፌን ግንዱ ላይ ጫንኩ። አጥር ሲያልፈው፣ ውሃ ሲቀርበት፣ ፈረስ ሲግጠው፣ ማንም ስሙን ሳይጠራው አድጓል። የዓባይን ዛፎች አይቼ ማን አጠጣቸው ያልኩት ትዝ አለኝ። ዘንገና ዳር የተሰማኝ ያው ነገር እዚያ አቧራ ላይ፣ በጋሪዎች መካከል እንደገና ያዘኝ። ዓይኔ ሲረጥብ አለኸኝ ወደ ፈረሱ ዞሮ የማያስፈልገውን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመረ።

ቅዳሜ

ለዘይነባ እውነቱን ልንገራት ወይስ አልንገራት ስል አደርኩ። ብነግራት ያን ሁሉ ዓመት ሌላ ዛፍ ስታጠጣ እንደኖረች ነው የምነግራት። ብተወው ደግሞ ከፋሲካ በኋላ መጥረቢያ አለ። ቁርስ ካቀረበችልኝ በኋላ እንዲህ አልኳት።

«እህቴ፣ ውጭ ያለውን፣ ፈረስ የሚታሰርበትን ዛፍ አታስቆርጪው። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ይቆይ።»

«ያንን የደረቀውን?»

«አልደረቀም። አገሬ የማውቀው ዓይነት ነው። በጊዜው ያብባል።»

እጇ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አላስቀመጠችውም። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ በመስኮቱ አጥሩን፣ ከዚያ ከአጥሩ ማዶ።

«አያ ወልዴ» አለች ቀስ ብላ፣ «ትናንት ቡቃያው በየት በኩል ነበር ብለው ለምን ነበር የጠየቁኝ?»

«እንዲሁ ነው። ሽማግሌ ይጠይቃል።»

 ከዚያ ተነሥታ ከቤቷ ኋላ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ጎትታ አመጣች። «ፈረስ ከዛፉ ላይ ከፈታን የሚታሰርበት ያስፈልገዋል» አለች።

እኔና አለኸኝ ከዛፉ ራቅ አድርገን ጉድጓድ ቆፍረን ግንዱን ተከልነው። ሌሎቹ ባለጋሪዎች ያሾፉብን ነበር። «ከአዲስ አበባ ድረስ የመጡት ችካል ለመትከል ነው?» ይላሉ። አለኸኝም «ፈረሴ ቂም ይይዛል፤ ቁርሱን ነው የቀሙት» አለኝ። የቆሰለውን ግንድ በጭቃና በእበት ቀባሁት፤ ለወይን ጠጁ ግቢ ውስጥ እንደማደርገው።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ተፈራ ወዳረፈበት ሄድኩ። ዘይነባ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ድረስ መጣችና ቆመች። «እኔ ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምሰናበተው» አለችኝ። ብቻዬን ገባሁ። መቃብሩ ዙሪያ ታርሞ ነበር፤ ማን እንዳሳረመው ቄሱን ስጠይቃቸው በዓይናቸው ወደ በሩ አመለከቱኝ። እዚያ ያልኩትን ለልጄ ነው ያልኩት። ስወጣ ከቆመችበት ፈቀቅ አላለችም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰሳው ሥር ተቀመጥን። ጎረቤቶች እውነት አላቸው፤ ጥላው ይቀዘቅዛል።

ሰኞ

የግርማ አውቶቡስ ከባሕር ዳር ሲመለስ ተሳፈርኩ። ከመሳፈሬ በፊት ሰሳውን ዳሰስኩት። ከዚያ ወጥቼ ወይን ጠጁንም ዳሰስኩት። ዘይነባ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ እሷም ስለ ዛፍ አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁም።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ ዞሬ አየሁ። የላምባውን ቆርቆሮ ይዛ ከአጥሩ ወጣች። ባለጋሪዎቹ መንገድ ለቀቁላት። ከዚያ ባዶ ዛፍ ሥር ጎንበስ አለች፤ ውሃው አቧራው ላይ ጠቁሮ ሲሰፋ አየሁት። ከዚያ መታጠፊያው ጋረደኝ።

ቤት ስገባ አስካለ እጄን ይዛ መዳፌን ገልብጣ አየችው። «ለየኸው?» አለችኝ።

«ለየሁት። አለ» አልኳት። የቀረውን ሁሉ ነገርኳት፤ አጥሩን፣ ሰሳውን፣ ፈረሱን። አላቋረጠችኝም። መጨረሻ ላይ «ምስኪን ዘይነባ» አለች።

ፋሲካ አለፈ፣ ግንቦት ገባ። አንድ ቀን ግርማ በራችንን አንኳኳ። «ፍየሏ እንዴት ናት?» ብሎ በአቡጀዲ ቁራጭ የተቋጠረ ነገር ሰጠኝ። «ወይዘሮዋ ናት የላከችው። ሁለቱንም አጠጣለሁ በላቸው ብላለች። ባለጋሪው ደግሞ ዳሱን ሌላ ቦታ ሠራነው፣ ከተማው ሁሉ ቆሞ ያየዋል በላቸው አለኝ።»

አስካለ ቋጠሮውን ፈታችው። ውስጡ የደበዘዘች አንዲት ወይን ጠጅ አበባ ነበረች። አጠገቧ ደግሞ የሰሳ ቅጠል። አበባዋን አንሥታ ጣቷ ላይ አጠለቀቻት፤ ልጁ ያደርገው እንደነበረው። ትንሽ አየቻትና ቅጠሉን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ይኼኛውስ የማን ነው?» አለችኝ።

«እሱም የተፈራ ነው» አልኳት።